«ሲስተም የለም» የማይባልበት ላይብረሪ፦ ቤተ መጻሕፍትን በስማርት ዕቃዎች ማስተዳደር

አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ መጥቶ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጠየቀኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። «አለ» ይላል። መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ሁለት ተማሪ ጨምሬ ለሦስት ሆነን አርባ ደቂቃ ሙሉ ፈለግን። በመጨረሻ ከፊዚክሶቹ ኋላ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተጋድሞ ተገኘ። ልጁ ግን ደወል ተደውሎ ክፍል ገብቷል። በማግሥቱም አልመጣም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላለ ሰው ነው። አራት ሺህ ገደማ መጽሐፍ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ እኔ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያግዙኝ አንዲት እትዬ፣ እና ሲያሻው የሚሄድ መብራት። በ2014 አራት ኪሎ ላይ እንደተከፈተው አብርሆት ያለ ትልቅ ቤት የምትመሩ ከሆነ ይሄ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ እዚያ ባለሙያ አለ። የትምህርት ቤት፣ የወረዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ላይብረሪ ያላችሁ ግን አረፍ በሉና አንብቡ።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ሱቅ ገብታችሁ ስማርት ሶኬት ወይም ሴንሰር ስትጠይቁ ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ያበራል፣ ያጠፋል። ደስ ይላል። ያኔ «እስኪ ኢንተርኔቱን ንቀለውና ድገመው» በሉት። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ዝም ይላሉ። ስልኩና ሶኬቱ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ትእዛዙ ግን ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። መስመር ሲቋረጥ ዕቃው ፕላስቲክ ብቻ ይሆናል። «ሲስተም የለም» የሚል መሥሪያ ቤት በየመንገዱ ሞልቶ የለ? እኛ ደግሞ ገንዘብ ከፍለን ሌላ አንጨምርበትም።

ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው። እዚያው ላይብረሪው ውስጥ ባለ ራውተርና ኮምፒውተር የማይሠራ ዕቃ አልገዛም። ኢንተርኔት ካለ ጥሩ፣ ከሌለም መጽሐፍ ይወጣል፣ መጽሐፍ ይገባል።

ካታሎጉ ይቀድማል

ሴንሰር ምናምን ከማለታችሁ በፊት መጽሐፎቻችሁ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ አለባቸው። ካታሎግ የሌለው ሰው ታግ (በሬዲዮ የሚነበብ የመጽሐፍ ምልክት) ቢገዛ ውድ ተለጣፊ ነው የገዛው። እኔ የምጠቀመው ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መባቻ ሥራ የጀመረው ኒውዚላንድ ውስጥ ነው፤ የዚያ አካባቢ ላይብረሪዎች የድሮ ሲስተማቸው 2000 ሲገባ ሊቆምባቸው ስለነበር አዲስ አሠሩና ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቁት። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። እዚህ አገርም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል፤ ስትቸገሩ የሚያውቀው ሰው አታጡም።

ሰርቨር ግዙ አልላችሁም። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፤ ባትሪው ግን ደህና ይሁን። መብራት ሲሄድ የሚያድናችሁ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ራስበሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር ነበር የተጠቀምኩት። ቆንጆ ናት፣ ግን ድንገት መብራት በሄደ ቁጥር የሚሞሪ ካርዷ ይጎዳል። ሁለቴ ከዜሮ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ አሮጌውን ላፕቶፕ ከመሳቢያ አወጣሁት፤ ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ይኸው እስካሁን አለ።

እዚህ ላይ ሦስት የራሳችን ጣጣ አለ፤ የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

አንደኛው የስም ነገር ነው። ኮሃ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ ያንን ሳጥን ባዶ መተው አይወድም፣ ዝርዝሩንም በሱ ነው የሚደረድረው። የአባት ስም እዚያ ካስገባችሁ ተማሪዎቹ በአባቶቻቸው ስም ይሰለፋሉ፤ «አበበን ፈልግልኝ» ስትሉ ከበደ ሥር ነው። እኔ የልጁን ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን፣ የአባቱን በሌላው አስገባሁ። ፈረንጅ ቢያየው ግራ ይገባዋል። እኛ ግን ደህና ነን። የቱንም ምረጡ፣ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን አንዱን ያዙ።

ሁለተኛው ኪቦርድ ነው። የባርኮድ ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ሰው ይተይባል። ኮምፒውተሩ አማርኛ ላይ ሆኖ ባርኮዳችሁ የላቲን ፊደል ካለበት ስካነሩ ግዕዝ ይተይብላችኋል። አንድ ጠዋት ሙሉ «መጽሐፉ አልተገኘም» ሲለኝ ስካነሩን ልጥለው ነበር። ባርኮዱን በቁጥር ብቻ አድርጉት፣ ተገላገሉ።

ሦስተኛው ቀን ነው። ኮሃ መመለሻ ቀን የሚያወጣው በፈረንጅ ነው። ልጆቹ በዚያ አያስቡም። እኔ ከመጽሐፉ ኋላ ባለችው ወረቀት ላይ ቀኑን በኛ አቆጣጠር በእጄ እጽፋለሁ። ስማርት አይደለም፤ ይሠራል።

ታጉን መምረጥ

አሁን ወደ አርኤፍአይዲ እንግባ፤ መጽሐፉ ውስጥ የሚለጠፈው፣ በሬዲዮ የሚነበበው ተለጣፊ ማለት ነው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል። አንዱ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራው፣ ከቅርብ የሚነበበው ነው። ሌላው ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል፣ ከሜትሮች ርቀት ይነበባል። ሁለተኛው ያጓጓል። በመደርደሪያው አጠገብ ስታልፉ መቶ መጽሐፍ በአንዴ ያነባል። ችግሩ የጎረቤትንም መደርደሪያ ያነባል፤ «እዚህ አለ» ያለው መጽሐፍ ከግድግዳው ወዲያ ሊሆን ይችላል። አንባቢ መሣሪያውም ውድ ነው። ለትንሽ ላይብረሪ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ትልቁ ምክንያቴ አንድ ነው። ኤንኤፍሲ (ታግን በማስጠጋት ማንበቢያ) ያለው አንድሮይድ ስልክ ያነበዋል። አንባቢውን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁታል ማለት ነው።

ስትገዙ «አይኤስኦ 15693 ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺን ቁጥር ጻፏት። እኔ ሳልጽፋት ነው የተቃጠልኩት። አርሲ522 የምትባል ሰማያዊ ሰሌዳ አለች፤ አንዲት ነጭ ካርድና አንዲት የቁልፍ መያዣ ይዛ ትመጣለች፣ ርካሽ ናት፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም በሷ ነው የሚሠራው። ገዛሁ። የራሷን ነጭ ካርድ ፏ አድርጋ ታነባለች። የላይብረሪውን ታግ ስታስጠጉላት ግን ድንጋይ ናት። የምታነበው የሌላ ቤተሰብ ካርድ ነው። ፒኤን532 የምትባለውም እንደዚያው ናት። የምታነበው ፒኤን5180 ናት። መበየድና ኮድ መጻፍ የማትወዱ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ እንደ ኪቦርድ የሚተይብ አንባቢ ግዙ፤ ያቺ ቁጥር ሳጥኑ ላይ መኖሯን ብቻ እዩ። ኮሃ ታግ ይሁን ባርኮድ ግድ የለውም፤ ቁጥር ተተይቦለት ከመጣ ይቀበላል።

ታጉ ላይ ምን ይጻፍ? የመጽሐፉ ቁጥር ብቻ። ብዙ ላይብረሪ የሚጠቀምበት አይኮድ ስሊክስ የሚባለው ቺፕ 112 ባይት ነው የሚይዝላችሁ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዋጋ እያላችሁ አታጨናንቁት፤ ያ ሁሉ ካታሎጉ ላይ አለ። የተዋሰውን ሰው ስምማ በጭራሽ።

አራት ሺውንም አትለጥፉ። ይሄ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ነው፤ ሻጭ ደግሞ እንዴት ይነግራችኋል! የትኛው መጽሐፍ ነው እግር ያለው? እኔ ዘንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የፈተና መለማመጃ፣ መዝገበ ቃላት። ሰባት መቶ አይሞሉም። ታግ የለጠፍኩት እነሱ ላይ ነው። አስር ዓመት ከቦታው ያልተነሳ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ባርኮድ ይበቃዋል።

አለጣጠፍ

ቦታው ከኋላ ሽፋን ውስጥ፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብሎ ነው። ነገር ግን ሁሉንም አንድ ከፍታ ላይ አትለጥፉ። ሁለት ታጎች ፊት ለፊት ገጥመው ሲቀራረቡ ይጋረዳሉ፣ አንባቢው አንዱን ያየና ሌላውን ይስታል። አንዱን ከታች፣ ቀጣዩን መሃል፣ ሦስተኛውን ከላይ እያላችሁ ሂዱ። ሃያ ገጽ የማይሞሉ የልጆች ተረት መጽሐፎች ላይ ይሄም አያድንም፤ እነሱን በአምስት በአምስት አቃፊ ውስጥ አድርጌ አንድ ታግ አቃፊው ላይ ለጠፍኩ።

የብረት መደርደሪያ ካላችሁ ንባቡ ይደክማል። ብረት ሬዲዮውን ይገድለዋል። መጽሐፉን ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ አንብቡት።

የብራና መጽሐፍ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ብራናው ላይ ምንም ነገር እንዳትለጥፉ። ማኅደሩ ላይም ቢሆን አይለጠፍም። ሙጫ ዛሬ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። ታጉን ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ብራናው ከሚቀመጥበት ሣጥን ጋር አድርጉት። ሣጥኑ ከተነሳ መጽሐፉ ተነስቷል።

ስልክ ይዞ ቆጠራ

በፊት ቆጠራ ሲባል ሐምሌ ላይ ላይብረሪው ይዘጋል፣ ሁለት ሰው አንዱ ይጠራል አንዱ ምልክት ያደርጋል፣ ሦስት ሳምንት ያልቃል። አሁን እንዲህ ነው። ኤንኤፍሲ ታግ አንብቦ ቁጥሩን ፋይል ውስጥ የሚጽፍ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ባርኮድም በካሜራ የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል። ከመደርደሪያው ግራ ጫፍ ትጀምራላችሁ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በስልኩ ጀርባ ነካ፣ ቢፕ፣ ቀጣዩ። የስልክ አንቴና ትንሽ ስለሆነች በደንብ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ ካሜራው አጠገብ ናት፣ አንዳንዱ ላይ መሃል። ፈልጋችሁ አግኙና በማርከር ነጥብ አድርጉባት።

ባርኮድ ያላቸውን ጨምሮ ለአንድ መጽሐፍ አምስት ሴኮንድ ብትሉት አራት ሺህ መጽሐፍ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔ በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩት፤ እትዬ አንዱን መደርደሪያ ከኔ በፍጥነት ነው የጨረሱት፣ ስልኩም የሳቸው ነበር።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን አለማፍረስ ነው። መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጡ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳትዘሉ። ከዚያ ፋይሉን ኮሃ የቆጠራ ገጽ ላይ ትጭኑታላችሁ። የጠፋውን ይነግራችኋል፣ «ተውሷል» የተባለው መደርደሪያ ላይ ከተገኘም ይነግራችኋል፣ ከተራው ወጥቶ የተቀመጠውንም እንዲያሳያችሁ ማዘዝ ይቻላል። ያቺ ፊዚክስ ውስጥ የተደበቀች ኬሚስትሪ የምትያዘው እዚህ ላይ ነው። አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ የሳይንስ መደርደሪያውን ብቻ እነካካለሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

እርጥበት፦ ክረምት ሳይመጣ

ከሁሉም ስማርት ዕቃ አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ የምገዛው የእርጥበት ሴንሰር ነው። ሌባ በዓመት አስር መጽሐፍ ይወስዳል። ሻጋታ አንድ ክረምት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይወስዳል። ብሉም ምስጡም እርጥበት ይወዳል።

ኢኤስፒ32 የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች፣ ዋይፋይ ያላት። እሷ ላይ ኤስኤችቲ31 የሚባለውን ሴንሰር ታገናኛላችሁ። ርካሹ ዲኤችቲ11 አለ፤ ተዉት። ስህተቱ ሰፊ ነው፣ እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ አይታመንም፤ የኛ ክረምት ደግሞ ያኔ ነው የሚጀምረው። ሰሌዳዋ የምትልክበት ቋንቋ ኤምኪውቲቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተሠራ ነው። መስመሩ ቀጭንና ውድ፣ አንዳንዴም የሚቆራረጥ ስለነበር መልእክቱን በጣም አሳጠሩት። ለኛ ኔትወርክ የተሠራ ነው የሚመስለው። ላፕቶፑ ላይ መልእክቱን የሚቀበለውን ሞስኪቶ የሚባል ፕሮግራምና ቁጥሩን የሚያሳየውን ሆም አሲስታንትን ጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን በሰዓቱ ታያላችሁ።

ሴንሰሩ የት ይቀመጥ? መስኮት አጠገብ አይደለም። ራውተሩ ላይም አይደለም፤ ራውተር ይሞቃል፣ ያታልላችኋል። አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ፈልጉ፤ የውጭ ግድግዳ የነካው መደርደሪያ የታችኛው እርከን፣ ጥጉ ላይ። መጀመሪያ የሚሻግተው እዚያ ነው።

ከማመናችሁ በፊት በጨው ፈትኑት። ይሄን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ምንም አያስወጣም። የለስላሳ ክዳን ላይ ጨው ሙሉበት። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ እንዲረጥብ እንጂ እንዲሟሟ አይደለም፣ ርጥብ አሸዋ ይምሰል። ክዳኑንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ አንድ የማር ማሰሮ ውስጥ አድርጉ፣ ሽቦው የሚወጣበትን በፕላስቲክና በላስቲክ አጥብቃችሁ ዝጉ፣ ማታ አስቀምጡትና ጠዋት አንብቡ። በክፍል ሙቀት የርጥብ ጨው አየር 75 በመቶ ነው። ሴንሰራችሁ 79 ካለ በየጊዜው አራት ቀንሱለት። የኔ አንዱ 74 አለ፣ ሌላው 81። ሁለቱንም የገዛሁት ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው።

ለወረቀት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ግሩም ነው። 60 ሲያልፍ ነቃ በሉ። 65 ላይ ስልካችሁ ይጩህ። 70 ላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ መጣ ማለት ነው።

ጮኸ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ? ሁሉም ሰው የሚያደርገው መስኮት መክፈት ነው፤ አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ ማባስ ነው። ውጭ አንድ ሴንሰር ስቀሉና የጤዛ ነጥቡን አወዳድሩ። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ ስንት ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ጤዛ ይጥላል የሚለው ነው፤ አየሩ ውስጥ በእውነት ስንት ውሃ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለምሳሌ ውስጥ 20 ዲግሪና 65 በመቶ ነው እንበል፤ የጤዛ ነጥቡ 13.2 ነው። ውጭ 15 ዲግሪና 85 በመቶ ነው። 85 ስታዩ መስኮቱን ልትቆልፉት ነው። ግን የውጩ የጤዛ ነጥብ 12.5 ነው፤ ክፈቱት፣ ክፍሉ ይደርቃል። የውጩ ከውስጡ ከበለጠ ዝጉ። ሆም አሲስታንት ላይ ሂሳቡን አንዴ ጻፉለት፣ «ክፈት» ወይም «ዝጋ» ብቻ ይበላችሁ። እትዬ ቁጥሩን አያዩም፣ አረንጓዴና ቀይ መብራት አድርጌላቸዋለሁ።

መደርደሪያዎቹንም ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቋቸው። ይሄ ሴንሰር አይፈልግም።

ቆርቆሮ ጣሪያ ያላችሁ፣ የውሃ ፍሳሽ ሴንሰር ጨምሩ። ሁለት የብረት እግር ያላት ትንሽ ክብ ነገር ናት፤ ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ትጮኻለች። ወለል ላይ ሳይሆን ከፍተኛው መደርደሪያ አናት ላይ፣ የቆርቆሮው መጋጠሚያ ሥር አስቀምጧት። ወለሉ ላይ ስትጮህ መጽሐፎቹ ጠጥተው ጨርሰዋል።

መብራት፣ ሰውና ሰዓት

የንባብ ክፍሉን መብራት በእንቅስቃሴ ሴንሰር አገናኘሁት። ሰው ሲገባ ይበራል፣ ሰው ከሌለ በአስር ደቂቃ ይጠፋል። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። ፈተና ሰሞን፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃያ ተማሪ ድምፅ ሳያሰማ ያነባል፤ ድንገት ጨለማ። አንዱ እጁን ያወናጭፋል፣ ይበራል። አስር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና። ለካ ይሄኛው ሴንሰር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው የሚያየው፤ የሚያነብ ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም። ላይብረሪ ውስጥ ጥሩ ተጠቃሚን የሚቀጣ ዕቃ ገጠምኩ ማለት ነው። በራዳር የሚሠራ ኤልዲ2410 የሚባል አለ፤ የደረት እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ ሳይቀር ይለያል። እሱን ቀይሬ ተገላገልኩ።

በር ላይ ሰው መቁጠሪያ ከፈለጋችሁ ሁለት የኢንፍራሬድ ጨረር ጎን ለጎን ግጠሙ። የትኛው ቀድሞ እንደተቆረጠ አይቶ ገባ ወይም ወጣ ይላል። አንድ ጨረር ብቻ ከሆነ አንድ ልጅ አምስቴ ወጥቶ ሲገባ አስር ሰው ነው። ካሜራ አልገጠምኩም፤ አልመክርም። ስንት ሰው እንደገባ ለማወቅ ማን እንደገባ ማወቅ አያስፈልግም። ቁጥሩ ግን ጠቃሚ ነው። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ እኛ ለምሳ በምንዘጋበት ሰዓት፣ በሩን ደጋግሞ የሚነካ ሰው ነበር። አሁን በምሳ ሰዓት እንከፍታለን።

ባትሪ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢኤስፒ32ን ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት፣ በየጊዜው ይጠፋል። ሰሌዳው ተበላሸ ብዬ ሌላ ገዛሁ። ሰሌዳው ጤነኛ ነው። ብዙ ፓወር ባንክ የሚስበው ኃይል ትንሽ ሲሆንበት «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ለራውተሩ የሚሸጠውን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ተጠቀሙ፤ ሰሌዳውንም ከዚያው አብሉት።

ሌላው ሰዓት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ሰሌዳው ቀኑን አያውቀውም፤ ፈረንጅ 1970 ነው ይላችኋል። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ያን ሰሞን የእርጥበት መዝገቤ ግማሹ ጃንሆይ ዘመን ላይ ነበር። ላፕቶፑ ለሰሌዳዎቹ ሰዓት እንዲነግራቸው አድርጉ፣ ክሮኒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ስክሪን የኛን ሰዓት እንዲያሳይ ደግሞ የሰዓት ክልሉን ከዩቲሲ (ከዓለም መነሻ ሰዓት) ሦስት ቀንሱ በሉት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ሰዓት ይላል። ስክሪኑን ብቻ ነው፣ መዝገቡን አትንኩት።

የጭስ ማስጠንቀቂያውን ከዚህ ሁሉ ጋር አታቀላቅሉት። በራሱ ባትሪ የሚጮኸውን፣ ዋይፋይ የማያውቀውን ግዙና ጣሪያው ላይ ስቀሉ።

መጽሐፉ እንዲመለስ

ለማስታወሻ አጭር መልእክት ይበቃል። ሲም ያለው አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀምጦ መልእክት ይልካል፤ ለዚህ የሚሆን መተግበሪያ ሞልቷል። ሂሳቡን ግን እወቁት። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ሁለት ተደርጎ ይቆጠራል፣ ሂሳብም ሁለት ነው። ደግነቱ አንድ የግዕዝ ፊደል የሁለት የላቲን ፊደል ሥራ ይሠራል። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም። የተዋሱት መጽሐፍ መመለሻው ሐሙስ ኅዳር 19 ነው። ላይብረሪ»። ከነክፍተቱ 42 ነው። «ውድ የቤተ መጻሕፍታችን ተጠቃሚ» ብላችሁ ከጀመራችሁ አስራ ዘጠኙ ለሰላምታ አለቀ።

የመጽሐፉን ርዕስ ግን አትጻፉ። ስልኩ የወላጅ ወይም የታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ ምን እያነበበች እንደሆነ የሷ ጉዳይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷልና እንደ ቀልድ አትዩት። ኮሃ መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ ማን እንደተዋሰው የሚለውን ታሪክ ማጥፋት ይችላል፤ ያንን አብሩት።

አርብ ማታ

እኔ አርብ ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። የኢንተርኔቱን ገመድ እነቅላለሁ። አንድ መጽሐፍ አውሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ሄጄ ማብሪያውን አወርዳለሁ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ራውተሩ በመጠባበቂያው መቆም አለባቸው፤ ሰሌዳዎቹ ቁጥር መላካቸውን እያየሁ ሌላ መጽሐፍ አውሳለሁ። የሆነ ነገር ካልሠራ ሰኞ ሰልፍ ፊት ሳይሆን አርብ ብቻዬን ነው የማውቀው። ላፕቶፑም እምቢ ያለ ቀን የሚሆን ደብተር ጠረጴዛው ላይ በክር ታስሮ አለ፤ የመጽሐፍ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ በቃ። ባለፈው ወር ሁለት ቀን ተጠቅመንበታል፣ አስራ ሰባት መስመር። መብራት ሲመለስ እትዬ እያነበቡልኝ ወደ ኮሃ አስገባሁት።